የቤታችን ስምንት ደረጃ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ ወገብህስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ጫማህን የሚያስሩልህ ልጆቹ ናቸው? ባለቤትህስ እንደምን አለች? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ከእማዬ ሞት ወዲህ ግን «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

በደብዳቤህ እናታችን እንዴት አንድም ቃል ሳትተነፍስ ሄደች ብለህ ጠይቀኸኛል። በስልክ ምንም አላለችም ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ።

አሥራ አራት ዓመት ኮሌጅ ውስጥ የተግባቦት ትምህርት ሳስተምር፣ ለፍላፊዋ እህቴ ለመለፍለፏ ደመወዝ ተቆረጠላት እያልክ ትስቅብኝ ነበር። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችን ማማከር ከጀመርኩ በኋላም ሥራዬ ያው ነው፤ ሕዝቡን አዳምጡ እላቸዋለሁ። አንድ ሕግ አለኝ። ጥንድ ጥንድ አድርጌ አስቀምጣቸውና አንዱ ሲናገር ሌላው መልስ ከመስጠቱ በፊት የሰማውን መልሶ ይናገራል። ተናጋሪው ልክ ነው ካላለ መልስ የለም። አንዲት አዋላጅ እባክሽ ይህን ለባሌ አስተምሪልኝ ብላ አዳራሹን በሳቅ ገድላዋለች።

እማዬ የደወለችልኝ ሥልጠና ልጀምር አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ነው። ሰሞኑን ደረጃው እንደረዘመባት፣ መሐል ላይ አረፍ ሳትል እንደማትወጣው ነገረችኝ። እርጅና ነው፣ ቀስ በይ ብዬ ሳቅሁና ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ገብቼ ስለ ማዳመጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ አስተማርኩ። አጨበጨቡልኝ።

ያለችውን መልሼ ብናገረው ኖሮ የገዛ ጆሮዬ ይነቃ ነበር። ከግቢው በር እስከ በረንዳው እኮ ስምንት ደረጃ ብቻ ነው፤ እኔና አንተ በሁለት ዝላይ የምንጨርሰው። በሳምንቱ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እማዬን አራተኛው ላይ እንደተቀመጠች ሕይወቷ አልፎ አገኘቻት። ሐኪሙ ልቧ ሲደክም እንደሰነበተ፣ ቀደም ብላ ብትመጣ ሊረዷት ይችሉ እንደነበር ነገረኝ።

ጤና ጣቢያዎቹ አሁንም ይደውላሉ፤ አላነሳም። በምን አፌ አዳምጡ ልበላቸው?

ወንድም ጋሼ፣ ብትቆጣኝ እችለዋለሁ፤ ዝምታህን ግን አልችልም። ቁጣም ቢሆን ይቅርታም ቢሆን ከመላክህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግልኝ፤ ከእኔ የሰማኸውን በራስህ እጅ መልሰህ ጻፍልኝ። ሌላ ሰው ሲለው ልስማው።

ባለቤትህን ሳምልኝ። ትልቋን ልጅህን በርቺ በላት፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ቆንጥጥልኝ። ትንሿ «አያቴ ለምን አትደውልም?» ካለችህ፣ ቁጭ ብለህ እስክትጨርስ ስማት።

ለፍላፊዋ እህትህ

ከቤታችን፣ አራተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጬ
ኅዳር ፱ ቀን