መኪኖቹን አስነሳልኝ ላሉኝ የካሳ ክፍል ኃላፊ

ለክቡር የመድን ድርጅቱ የጉዳት ካሳ ክፍል ኃላፊ
መጋረጃው በተዘጋው ቢሮዎ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የባለቤትዎ፣ የልጆችዎ፣ በተለይም የመኪናዎ ጤና እንዴት ነው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴም ከአንድ እጇ በስተቀር ደህና ናት።

በሹፌርዎ እጅ የላኩልኝ ማስታወሻ ደርሶኛል። በዚያ ወፍራምና ውብ ወረቀት ላይ «ውድ ደንበኛችን» ብለው ይጀምሩና፣ ከዋናው መሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት ባለው የጎሚስታ ግቢ የተደረደሩት የተሰባበሩ መኪኖች የድርጅቱን ገጽታ እያበላሹ ስለሆነ እንዲነሱ «ቀና ትብብር» እንዳደርግልዎ ይጠይቃሉ። እኔ ታፔላ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ፤ «ውድ ደንበኛችን» የሚለውን ቃል በየሱቁ በር ላይ ስጽፈው ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ለእኔ ተጽፎ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነውና፣ ለብቻዬ ደብቄ ብይዘው ንፉግነት ይሆንብኛል ብዬ መልሴን ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ አወጣሁት። ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ከመነሻው እጀምራለሁ፤ እርስዎ የሚያውቁት ነውና ይታገሡኝ።

ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ወላዶቿ በስሟ አይጠሯትም፤ «እታለም» ነው የሚሏት። ያን ዕለት ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያዋ ስትሄድ ዳገቱ ሥር ቀይ መብራት ይዟት ቆመች። ከፊቷ ዳገቱ ላይ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ቆሟል፤ ሹፌሩ ሲጋራ ሊገዛ ወርዷል። ፍሬኑ አልያዘም ኖሮ ገልባጩ የኋሊት ቁልቁል ተንሸራቶ መጣና የእኛን ሚስኪን መኪና ከነኮፈኖዋ ጨፈለቃት። የባለቤቴ ቀኝ እጅ መሪው ላይ እንዳለ አንጓው ላይ ተሰበረ። ሹፌሩ እያለቀሰ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፤ ትራፊክ ፖሊሱም ይህንኑ መዘገበ። እኛም መኪናዋንም የአሽከርካሪዋን ሕክምናም የሚሸፍን ሙሉ መድን ከእርስዎ ዘንድ ስለገባን፣ መከራው እዚያው ዳገቱ ሥር ያበቃ መስሎን ነበር። የዋህነታችንን ይቅር ይበሉን።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ አስቸኳይ የስልክ መስመርዎ አመሰግናለሁ። በሩጫ ስደርስ ባለቤቴ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የተሰበረውን እጇን በደህናው አቅፋዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል። የመጀመሪያ ቃሏም «ምጥ የያዛት ልጅ እየጠበቀችኝ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲይዝልኝ ደውልላቸው» የሚል ነበር። እሱን አደረስኩና ወደ እርስዎ መስመር ደወልኩ። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ድምፀ መልካም ሠራተኛዎ አነሱና «መኪናዋ ትነሳለች?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም «ባለቤቴ ተደግፋ ትነሳለች፤ መኪናዋ ግን አትነሳም» አልኳቸው። «እንግዲያው ስለ መኪናዋ ንገሩኝ» አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ ሠራተኛ ሥራውን ሲያከብር እንዲህ ነው። ይመጣል የተባለው መጎተቻ እስካሁን በመንገድ ላይ ይመስለኛል፤ እኛን መንገደኛው ገፍቶ፣ ጋራዡ በገመድ ጎትቶ ገላገለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉዳት ገማችዎ። ሰውየው ወደ ጋራዡ የመጡት ነጭ ጫማ አድርገው ነው። የጋራዡ መሬት ደግሞ እንደሚያውቁት ዘይት ነው፤ ስለዚህ በሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን አስግገው አዩና ሄዱ። ሪፖርታቸው ሲወጣ አብዛኛው ጉዳት የደረሰው «በእርጅና» ነው ይላል። ሞተሩ ከቦታው ተነስቶ ጋቢና ውስጥ ገብቶ የተቀመጠው በዕድሜ ብዛት ደክሞት ነው ማለት ነው። የጋራዡ ባለቤት ይህን ሲሰማ ቁልፉን መሬት ላይ ጥሎ እስኪያነባ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ በዚያ ሰዓት ባለቤቴ የቀዶ ሕክምናዋን ወጪ እሺ የሚል ወረቀት ከእናንተ እየጠበቀች ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉ ይበልጣል። የሕክምናው ወጪ እንዲፈቀድ ባለቤቴ በአካል ቀርባ እንድትፈርም ከድርጅትዎ ጠሯት። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጄሶ ተጠቅልሎ በአንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በግራዋ ጫጭራ ፈረመች። የመስኮቱ ሠራተኛ ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር አስተያየና በትሕትና «እናቴ፣ ይሄ ፊርማ ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም» አላት።

«ልጄ፣ የመጀመሪያውን የፈረመው እጅ ይኸውልህ» አለችና ጄሶውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«እሱማ እኔም እያየሁት ነው፤ ሲስተሙ ግን አያየውም» አላት።

በልጁ አልፈርድም፤ ፊቱ በሐፍረት ቀልቶ ነበር። እጇ መሰበሩን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት አመጣን፤ የሐኪሙ ማኅተም ደብዝዟል ተባለ። በደማቅ ማኅተም አስመታን፤ አሁን ደግሞ ጉዳዩን የያዙት ሰው ዕረፍት ወጥተዋል ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለን ጄሶው ተፈታ፤ አጥንቱ ግን እንደተንጋደደ ገጥሞ ነበር። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ አንስቶ አየው፣ ከዚያ ባለቤቴን አየ። «እታለም፣ ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ?» አላት። የዚህ ጥያቄ መልስ የእርስዎ ስለሆነ እስካሁን ይዤልዎ ቆይቻለሁ።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቻለሁ፤ ምስጋናዬ በዝቶ ከቁጥር ወጥቶብኛል።

እርስዎን በአካል ያገኘሁዎት በዚያው ሰሞን ነው። ቢሮዎ ምንጣፉ እግር ይውጣል፤ መስኮትዎ ሰፊ ነው፤ ወንበርዎ ይሽከረከራል። የባለቤቴን ነገር ሳስረዳዎ ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሱ፣ «ስማ ወዳጄ፣ እንዳንተ ያለ ስንት ሰው አለ መሰለህ?» አሉኝ። በሽበቴ ላይ «አንተ» መባሌን በወዳጅነት ተርጉሜ፣ ጥያቄዎን ግን በቁም ነገር ወሰድኩት። እውነት ስንት ነን? የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ከመስኮትዎ ፊት ለፊት ያለው ጎሚስታ የድሮ ወዳጄ ነው፤ ግቢውም ሰፊ ነው። ሕጋዊ ኪራይ ተዋዋልን። የተጨፈለቀችውን መኪናችንን በክሬን አስጭኜ አመጣሁና ፊቷን ወደ እርስዎ አዙሬ አስቀመጥኳት። አጠገቧም ታፔላ ተከልኩ፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ በሞያዬ የምኮራበት እሱ ነው። ነጭ መደብ፣ ጥቁር ፊደል፣ ከፎቅዎ ያለ መነጽር እንዲነበብ ተደርጎ የተለካ። «ይህች መኪና ሙሉ መድን አላት። መድን የገባችው ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ነው» ይላል፤ ከሥሩ ቀይ ቀስት አለው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

በማግስቱ የሽያጭ ሠራተኞችዎ አዲስ ደንበኛ ይዘው ሲገቡ፣ ደንበኛው በሩ ላይ ዞር ብሎ ማንበብ ጀመረ። አንዳንዱ አንብቦ ይገባል፤ አንዳንዱ አንብቦ ሰዓቱን ያይና «መጣሁ» ብሎ ይሄዳል። ጎሚስታው ጎማ እየነፋ ይቆጥርልኝ ነበር፤ እኔ ቁጥሩን ባልፈልገውም እሱ ደስ ይለው ነበር። ክቡር ሆይ፣ ልዋሽዎ አልችልም፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ቀለሜን አንጠልጥዬ ወደ ሥራ ስሄድ መንገዴን አጣምሜ በዚያ በኩል አልፍ ጀመር። መጋረጃዎ የተዘጋበትን ቀን የልደት ያህል አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ የሕግ ባለሙያዎን ላኩ። ጎልማሳው ታፔላውን ደጋግመው አነበቡ፤ መኪናዋን ዞሩ፤ ፎቶ አነሱ። ጎሚስታው ጎንበስ እንዳለ «ጌታዬ፣ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?» ሲላቸው፣ ሰውየው ተንፍሰው «ውሸት የለበትም። ችግሩም እሱ ነው» አሉት። እኚህን ሰው ደመወዝ ይጨምሩላቸው፤ ከሕንፃዎ ሰዎች እውነት ሲናገሩ የሰማኋቸው እሳቸውን ብቻ ነው።

እናም የጥያቄዎ መልስ በራሱ ጊዜ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ታክሲ ነጂ ጎኑ የተቦደሰ ሚኒባሱን አስጎትቶ መጣና «ከአንተ ጎን ቦታ አለ?» አለኝ። ቀጥሎ ዳቦ አከፋፋዩ መጣ። ከዚያም አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት መኪናቸው በክርክር ላይ ሆና ከጋራዥ እንዳትወጣ ስለተከለከለች የተገነጠለውን በሯን ብቻ በጋሪ አስጭነው ደረሱ፤ እንደ ክፍል ተማሪ አስቁመውኝም «በል ጥራት ባለው ፊደል ጻፍልኝ» ብለው አዘዙኝ። ለሁሉም በነፃ ጻፍኩ። የመምህርቷ ታፔላ «ይህ በር ከመኪናው የተለየው በእርጅና ነው ተብሏል» ይላል። ሰው ቆሞ ያነብበዋል፤ ይስቃል፤ ከዚያ ወደ ሕንፃዎ ቀና ብሎ ያያል።

ይሄኔ ተአምር ተፈጠረ። ድምፀ መልካሟ ሠራተኛዎ ራሳቸው ደውለው «ፋይልዎ ተሟልቷል» አሉን። ፊርማው ተመሳሰለ፤ ማኅተሙ ደመቀ፤ ዕረፍት የወጡት ሰውዬ ተመለሱ። የሚገባን ሁሉ ተከፈለ፤ እኔም የሕግ ባለሙያዎ የጻፉትን ውል ፈርሜ፣ በውሉ መሠረት መኪናዬን በዚያው ዕለት አነሳሁ። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ።

ደስ አላለኝም። የባለቤቴ እጅ እንደገና ተሰብሮ ተጠገነ፤ ጣቶቿ ግን ጥብቅ ብለው አይጨብጡም። የሚያሙለጨልጭ አራስ ልጅ ደግሞ በላላ እጅ አይያዝም። ስለዚህ ከማዋለጃ ክፍሉ ወጥታ ለታካሚዎች ካርድ የምታወጣ ሆናለች። ከግድግዳው ወዲያ ሕፃን ሲያለቅስ ብዕሯን አስቀምጣ ታዳምጣለች፤ ከድምፁ ጤናውን ታውቀዋለች። አንድ ቀን ምሳ ላደርስላት ሄጄ እንዲህ ስትሆን አየኋት። ማየቴን ስታውቅ «ምን ታፈጣለህ? እጄን እንጂ ጆሮዬን አልሰበረኝ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎን በምስጋና ሳላነሳ ውዬ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ። የሌሎቹን መኪና የማንሳት ሥልጣን የለኝም፤ ባለቤቶቹ የሚገባቸውን ያገኙ ዕለት በራሳቸው ጊዜ ያነሷቸዋል። የእኔን በተመለከተ፣ የሕግ ባለሙያዎ የጻፉት ውል «መኪናዋን» ያነሳል ይላል እንጂ ስለ ታፔላው አንድም ቃል የለውም። ኪራዩንም አላቋረጥኩም። ስለዚህ ትናንት መሰላሌን ተሸክሜ ሄጄ የድሮውን ጽሑፍ ቀባሁትና አዲስ ጻፍኩበት። እስካሁን መጋረጃውን ካልገለጡ እዚህ ላንብብልዎ፦

«እዚህ የቆመችው መኪና ካሳ ተከፍሎባት ተነስታለች። አዋላጇ ግን እጇ በጊዜ ባለመታከሙ ከወላዶቿ ተለይታለች። ያዘገየው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው የተዘጋው መስኮት ነው።»

ቀለሙ ዝናብም ፀሐይም የማይበግረው ዓይነት ነው። እኔም ጤናዬ ደህና ነው፤ ሲደበዝዝ አድሰዋለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ፍጹም የማይይዝዎ ቀይ መብራትና ሁልጊዜ የሚይዝ ፍሬን እየተመኘሁልዎ፣ ለሰጡኝ ትምህርት ውለታዎን በየማለዳው በዓይንዎ ፊት ለመመለስ ቃል የገባሁልዎ፣

የአዋላጇ ባል፣ ታፔላ ጻፊው፣
ከሦስተኛ ፎቅዎ ትይዩ

በድጋሚ፦ ይህን ደብዳቤ ባለቤቴ አስቀድማ አንብባዋለች። እሷ ጨዋ ሰው ስለሆነች «ይሄ ነውር ነው» ያለችውን ሁሉ አሰርዛኛለች፤ ያነበቡት ከዚያ የተረፈውን ነው። የተሰረዘውን መስማት ከፈለጉ ሥራ ቤቴ ብቅ ይበሉ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።