የእነዚያ ልጆች እናት ስም

ጫልቱዬ፣

ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር ሞላ። ያኔ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሆነውም ነበር፤ አሁን ጥቅምት ነው፣ ብርዱም ከእንጦጦ ቁልቁል መውረድ ጀምሯል። ሰላምታዬ ይድረስሽ ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት። ሰላምሽን የነሳሁሽ እኔ ሆኜ ሳለ ሰላምታ ማቅረቡ ከበደኝ። ስለዚህ እንዲሁ ልጻፍልሽ።

ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ። ዳዊት ደግሜ፣ የማታ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። እጄ እንጨት ላይ መስመር ማስመር እንጂ የሆድን ማውጣት አልለመደም። ስሳሳት እንደ ድሮሽ ዝም ብለሽ እለፊኝ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ጣራው በክረምቱ አፈሰሰ፤ የሰው ቤት ስጠግን ውዬ የራሴን የጠገንኩት ነሐሴ ላይ ነው። ቀይዋ ዶሮሽ ጠፋች። ወንድምሽ ከሱሉልታ መጥቶ ሁለት ቀን ሰነበተና ሲሄድ የእናቱን የወተት ቅል ጠየቀኝ፤ አልሰጠሁትም፣ ተቀይሞኝ ሄደ። ላም ሳይኖርሽ ያንን ቅል በየወሩ በወይራ ስታጥኚው አሾፍብሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ። «ላሟ ብትመጣ ቆሻሻ ዕቃ ይዤ ልቀበላት?» ትይኝ ነበር። ባለፈው ሰሞን ሽታው ሊጠፋ ሲል ወይራ ለኩሼ ላጥነው ሞከርኩ። አፉን ለበለብኩት። አሁን የሚሸተው ቃጠሎ ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ቅሉ አይደለም። ስለ ሻምበል ቤት ቅዳሜዎች ነው።

ጎረቤታችን ሻምበል ቴሌቪዥን ሲያመጡ የካ ውስጥ በኛ በኩል ሌላ ማንም አልነበረውም። አንቴናውን የተሸከመውን ረጅም ባሕር ዛፍ ልጬ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች፣ ቅዳሜ ማታ ባለቤትህን ይዘህ ና አሉኝ፤ ያ የከብት አርቢዎቹ ፊልም የሚታየው ቅዳሜ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልቀረሽም። ከዋንዛ የጠረብኩልሽን በርጩማ በብብትሽ ይዘሽ፣ አጥሩን ዞረሽ ትሄጃለሽ፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ከኋላሽ።

አንድ ፀጉሩ የሸበተ ፈረንጅ፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ፣ ዓይን የማያደርሰው ግጦሽ፣ ያ ሁሉ ከብት። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው፤ ሻምበል ጥቂት ቢያውቁም አንቺ እስኪተረጉሙ መቼ ትጠብቂና። አንቺው በአማርኛ ታናግሪያቸው ነበር። ወንድማማቾቹ አጥር ሥር ሲጨቃጨቁ «የውኃ ነገር ነው፣ ታላቅየው ወንዙን ለብቻው ፈልጎ ነው» ትያለሽ። ነጩ ፈረስ ሊያነክስ ሲል ከባለቤቱ ቀድመሽ ታውቂ ነበር። ከብቱ ሲነዳ ባባትሽ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ላሞቹን ትጠሪያቸዋለሽ። «ይሄ ሁሉ ከብት፣ አንድ ቀን እንኳ ሲታለብ አላየንም። ምን ዓይነት ቤት ነው?» ስትይ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሻምበል የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሰው አንቺን ያዳምጡ ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ነበረሽ። እናታቸው የት ናት? ሞታ ይሆናል ሲሉሽ፣ ታዲያ ተዝካሯን አላወጡ፣ መቃብሯ አይታይ፣ ይሄ ሽማግሌ ሚስቱን አንድ ቀን ስሟን ጠርቶ አያውቅ እያልሽ ትብከነከኚ ነበር። ፊልም እኮ ነው ይሉሻል። «ፊልምስ ቢሆን፣ ልጆቹን ማን ወለዳቸው?» ትያቸዋለሽ።

እኔ በር አጠገብ ተቀምጬ አልስቅም ነበር። አሁን እውነቱን ልናዘዝልሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ስንኖር እኔ ቤት እንደዚያ ስቀሽ አታውቂም። ልጅ አልተሰጠንም፤ አንቺም አላማረርሽ፣ እኔም አላጽናናሁሽ። ከከብትና ከሰፊ ሜዳ አምጥቼ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። እዚያ ሰው ቤት ስትስቂ እኔ ያጎደልኩት ይታየኝ ጀመር። ለምን ብዬ ራሴን እንደ መጠየቅ ተናደድኩ። ንዴቴንም ቅዳሴ አለበስኩት፤ የእሑድ ዋዜማ በሳቅ አይታለፍም አልኩሽ። እግዚአብሔር ያየዋል፣ ለቅዳሴ ብዬ አልነበረም።

አምና መስከረም ላይ ሆድሽ ማበጥ ሲጀምር እንጦጦ ጠበል ይዤሽ ወጣሁ። ሁለት ሱባኤ ከረምን። አንቺ ስትጠመቂ እኔ ውጭ ቆሜ ተሳልኩ። እመቤቴ ሆይ፣ ይህችን ሴት ከማርሽልኝ ያ የቴሌቪዥን ሳጥን ፊት ዳግመኛ አትቀመጥም አልኩ።

ጫልቱ፣ ስለት ሰው ከራሱ አጉድሎ የሚሰጠው ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እሑድ እሑድ የማልቀርበት ጠጅ ነበረኝ። የኔ ብርሌ ሳይነካ ያንቺን ሳቅ ሰጠሁ።

የነገርኩሽ ከተራራው ስንወርድ ነው። ደክሞሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ነበር። ዞር ብለሽ ወደ ወረድንበት፣ ከተራራው ማዶ ወዳለው አገርሽ፣ ወደ ሱሉልታ በኩል አየሽ። «የኔን ለምን እኔን ሳትጠይቀኝ ሰጠህ?» አልሽኝ። ለጤናሽ ብዬ ነው አልኩሽ። ተነሥተሽ ቀድመሽኝ ወረድሽ።

ስለቱን ጠበቅሽው። ቅዳሜ ሲመሽ የፈረሱ ኮቴ በአጥሩ ላይ ይሰማል፣ አንቺ ምስር ትለቅሚያለሽ። ኮቴው ሲሰማ እጅሽ ይቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ወይዘሮ ዘነበች «በርጩማዋ እኛ ቤት ቀርታለች፣ እሷስ ለምን ቀረች?» ብለው ሲመጡ፣ «ዓይኔን ያመኛል» አልሻቸው። ባሌ ስለት ተሳለብኝ ብትይ እኔ እንዳላፍር ነው። ኅዳርን ደህና ሆነሽ ስትሰነብቺ ደግሞ እኔ ጀግና ሆንኩ፤ ስለቴ ሠመረ ብዬ ሁለት ጧፍ አበራሁ።

በታኅሣሥ እብጠቱ ተመለሰ። ከጥምቀት በኋላ ባለችው ቅዳሜ፣ ከአልጋሽ ቀና ብለሽ፣ «ስለቱ ያሰረው እኔን ነው አንተን አይደለም፣ ሂድና አይተህ ንገረኝ» አልሽኝ። ሌላ ምን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?

እስከ በራቸው ሄድኩ። ሳቅ ሰማሁ። ገብቼ አንቺ ለምን እንደቀረሽ ምን ልበላቸው? እጄ በሩን አልነካም አለ። ተመልሼ ከአጥሩ ኋላ፣ ከዚያው ካቆምኩት ባሕር ዛፍ ሥር፣ ሙዚቃው እስኪያልቅ ቆምኩ። ከዚያ ቤታችን ገባሁና ሁሉም ደህና ናቸው አልኩሽ።

ነጩ ፈረስስ? አልሽኝ። ዳነ አልኩ። እናታቸውን አነሷት? አልሽኝ። ደስ እንዲልሽ ብዬ አዎ አነሷት አልኩ። «ማን አሏት?»

የፈረንጅ ስም አላውቅ። ጫልቱ አልኩሽ።

ብዙ አየሽኝ። ከዚያ ሳቅሽ፣ እዚያ ቤት የምትስቂውን ሳቅ፣ እሱም ሳል ሆነብሽ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽና «አንተ ውሸት እንኳ አትችልም» አልሽኝ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሄድሽ። ፊትሽን ስታዞሪ እየሳቅሽ ይሁን እያለቀስሽ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጎንበስ ብዬ አላየሁማ።

ፍልሰታ ላይ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። መስቀላቸውን አገላበጡ። «ስለት ከራስ ጉሮሮ ይወጣል እንጂ ከሰው ጉሮሮ አይነጠቅም፣ ልጄ» አሉኝ። ስግደት አዘዙኝ። ደግሞ፣ እሷ ስላንተ ብላ የዋሸችውን ሄደህ ላመኗት ግለጠው አሉ። ስግደቱን በዚያው በጾሙ ጨረስኩ። ሻምበል ቤት ለመግባት ግን እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ወኔ አጣሁ።

ወይዘሮ ዘነበች ከጓዳ በርጩማሽን አምጥተው መሐል ቤት አስቀመጡልኝ። አቧራ እንኳ አልነበረበትም። ተቀመጥኩበት፤ አንድ እግሩ አጥሯል ጫልቱ፣ ስታወዛውዢው ኖረሽ አንድ ቀን አስተካክልልኝ አላልሽኝም።

ፊልሙ ተጀመረ። የሚያወራላቸው ስለሌለ ሁሉም ዝም ብሎ ያያል፤ ሳጥኑ ብቻውን እንግሊዝኛውን ይናገራል። ሽማግሌው ከልጆቹ ጋር ማዕድ ቀረበ። የአናጢ ዓይን ነውና ወንበሮቹን ቆጠርኩ፤ አምስት ናቸው፣ ሰዎቹ አራት። ማንም ወደ አምስተኛው አላየም። ያኔ የራሴን ቤት አየሁት። ቤተ ክርስቲያን አስካለ ማርያም ብሎ በክርስትና ስምሽ ያነሳሻል። ሰው ባለቤትህ፣ ሟቿ፣ ነፍሷን ይማር ይላል። ጫልቱ የሚለው ስም ከሰው አፍ ጠፋ፤ ከሁሉ ቀድሞ ከኔ አፍ። ቤት ውስጥ ድምፄን አውጥቼ ከጠራሁሽ የሰማንያ ቀን ተዝካርሽ ካለፈ ወዲህ አንድ ቀን የለም። የምትታዘቢው ሽማግሌ እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ወይዘሮ ዘነበች ለራሳቸው ያህል፣ ዛሬም እናታቸውን አላነሷትም አሉ።

«ስሟ ጫልቱ ነው» አልኩ።

ሻምበል ተነሥተው ድምፁን ቀነሱ፣ እንዳንቺ ጊዜ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለቱን፣ ዓይንሽ ደህና እንደነበረ፣ በራቸው ደርሼ እንደተመለስኩ፣ ለአንቺ የዋሸሁትን። ይቅር ይሉኛል ብዬ ነበር። ወይዘሮ ዘነበች ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እኛ ተቀይማን መስሎን ነው እኮ እግራችንን ያሳጠርነው» አሉ።

ለካ ያ ሁሉ ቀን ተኝተሽ አጥሩን ተሻግሮ የሚጠይቅሽ የጠፋው ለዚህ ነው። አንቺ እኔን ለመሸፈን ዓይኔን አመመኝ ስትይ፣ እነሱ አኩርፋን ነው ብለው ራቁ። በአንድ ስለት ሳቅሽንም ጎረቤትሽንም ወሰድኩብሽ። ይህን ማወቁን አልፈለግሁም ነበር። አሁን ግን አወቅሁት፤ አብሮኝ ይኖራል።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍልሽም፤ መልስ እንደማይመጣ እያወቁ መጠየቅ ራሱ አንድ ዓይነት ማታለል ነው። ጠጁን ትቻለሁ። ዘግይቷል፣ ለማንም አይረባም፣ ቢሆንም ከራሴ ጉሮሮ ነው። ጥር ላይ ሙት ዓመትሽን ሳወጣ ካህናቱ አስካለ ማርያም ሲሉ እኔ ከኋላ ቆሜ ጫልቱ እላለሁ።

የበርጩማሽን እግር አላስተካክልም። ልጅ የለንም፣ ስምሽን የሚወርስ የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እቀመጥበታለሁ፤ ያ ሽማግሌ ከልጆቹ ጋር ማዕድ ቀርቦ ስለ ሚስቱ ዝም ባለ ቁጥር፣ አምስተኛው ወንበር የማን እንደሆነ እኔ ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

ውሸት እንኳ የማይችለው ባልሽ፣
ተክሌ