የግራ እጅሽ ጊታር

ጥሩዬ፣ ባለሽበት ሰላም ይብዛልሽ።

ከተለየሽን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ዛሬ ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ስትወጣ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣሁና ወረቀት ያዝሁ። ላንቺ ደብዳቤ ከጻፍኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ያኔ ሳንጋባ፣ አንቺ ቡሬ ታስተምሪያለሽ፣ እኔ እዚህ ፍኖተ ሰላም ነኝ፤ በሚኒባስ ሹፌር እጅ እየላክሁ መልስሽን መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅ ነበር። አሁን የምጠብቀው መልስ የለም። ግን የቤታችንን ነገር ላንቺ ካልነገርኩ ለማንም የነገርኩ አይመስለኝም።

እኛ ደህና ነን። በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጫማሽን አውልቀሽ የምትሻገሪው ጭቃ ጠፍቶ ባጃጅ እስከ በራችን ይመጣል። የተከልሽው ማንጎ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ፤ ፍሬው ትንንሽ ቢሆንም ይጣፍጣል። እናቴ ከእኛ ጋር ሆናለች። እግሯን እያመማትም ቢሆን ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ማህሌት ስምንት ዓመት ሞላት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው በቅለዋል፤ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን ናት። ስትቆጣ ግን እኔን ናት ይላሉ፤ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር ለመናገር ስለከበደኝ ነው። ስለ ጊታርሽ ነው። ክሮቹን ፈትቼ ለቀኝ እጅ ሰው አዙሬ አሰርኳቸው። ለምን እንዳደረግሁት ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ የምታውቂውንም ጭምር። ማስታወሱ ደስ ይለኛል።

ጊታርን ወደ ቤታችን ያመጣው ጋሻው ነው፣ አብሮኝ ያስተምር የነበረው የባዮሎጂ አስተማሪ ጓደኛዬ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ጊዜውን አሮጌ ጊታር ይዞ ይመጣና እኔን ያስተምረኛል። ያገር ቤት ዘፈን ብቻ ነበር የምንወደው፤ የሠርጉን፣ የአጨዳውን፣ እረኛ በዋሽንት የሚለውን። አንቺ ሽንኩርት እየከተፍሽ ትሰሚናለሽ። አንድ ቀን እኛ ደጅ ወጥተን ስንመለስ ጊታሩን አንስተሽ ጭንሽ ላይ አድርገሽዋል፤ አንገቱን በቀኝ ይዘሽ በግራሽ ትመቺዋለሽ። ጋሻው ሳቀና «ኧረ ጥሩወርቅ፣ ገለበጥሽው እኮ!» አለሽ። ቆጣ ብለሽ «አልገለበጥኩትም፤ የኔ እጅ እንዲህ ነው» አልሽው። ክሮቹ ተገልብጠውብሽም ቢሆን አንድ የሠርግ ዜማ ቆራርጠሽ አሰማሽን። እኔ ወር ሙሉ ታግዬ ያቃተኝን ዜማ።

ባሕር ዳር ሄደን ያንቺን ስንመርጥ ትዝ ይለኛል። ሻጩ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀዳዳው ዙሪያ አበባ የተሳለበት ጊታር አወረደልን። እኔ ወዲያው ወደድኩት። አንቺ ክሩን በጣትሽ ጫንሽውና «ብረት ነው፤ ይቆርጣል፣ ድምፁም ይጮህብኛል» አልሽ። ጥግ ላይ የቆመ፣ ምንም ጌጥ የሌለው፣ ቡናማ ጊታር ነበር። የናይለን ክር ነው ያለው። ጀርባውን በጣትሽ አንኳኳሽ፣ ጎኑ ላይ ጆሮሽን ለጥፈሽ አንዷን ክር ነካሽና ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቅሽ። «ወደ ክራር ያደላል፤ ይሄ ነው» አልሽ። ሻጩ «እህቴ፣ በቀኝ ካልያዝሽው ልፋት ነው የሚሆንብሽ» ቢልሽ ዋጋውን ጠየቅሽው። ስንመለስ ረዳቱ ጊታሩን ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲል «ልጅ ጣሪያ ላይ ይጫናል?» ብለሽ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቅሽ። ዱርቤቴን፣ ዳንግላን፣ እንጅባራን አልፈን ቤታችን እስክንደርስ ከእቅፍሽ አልወረደም።

ክሮቹን ላንቺ እጅ ለማዞር ስንት ታገልን! ወፍራሙ ክር አንገቱ ጫፍ ላይ ባለችው በቀጭኑ ክር ማረፊያ አልገባ ይላል፤ ቀጭኑ ደግሞ በወፍራሙ ማረፊያ እየተንቀሳቀሰ ይንጫጫል። ከአናጢው ጎረቤታችን ትንሽ ሞረድ ተውሼ ጠባቡን አሰፋሁ፤ ሰፊውን ደግሞ በቀጫጭን የቀንድ ስንጥሮች ሞላሁት። አንቺ መቃኛውን እያጠበቅሽ፣ እኔ ክሩን እየያዝኩ። ድምፁ ሲስተካከል አጨበጨብሽ፤ እጅሽ ደግሞ ለማጨብጨብ ልዩ ነበር።

ግራኝነትሽን ያወራሽኝ ያን ሰሞን ነው። ትምህርት ቤት ስትገቢ አባትሽ አያ አዱኛ ግራ እጅሽን በጨርቅ ከወገብሽ ጋር አስረው በቀኝሽ እንድትጽፊ አደረጉሽ። «እየተለማመድኩ ሄድኩ፤ ለሰሌዳ ቀኜ ይበቃኛል» አልሽኝ። ቂም አልነበረብሽም። ግን እሳቸው ፊት በግራሽ ውኃ እንኳ ቀድተሽ አታውቂም። ጊታሩን ከያዝሽ በኋላ ደግሞ ከሁሉ በላይ የፈለግሽው የእሳቸውን ዘፈን ነበር፤ ሲያርሱ ለበሬያቸው የሚሉትን። በትዝታ ቅኝት ነው የሚሄደው ብዬ ስከራከርሽ «አይደለም፣ ወደ ባቲ ይወስደዋል» ትይኛለሽ። ሁለታችንም እርግጠኛ ስላልነበርን ሄደን ከአፋቸው ልንሰማው ተነሣን።

ጤፍ የሚወቃበት ጊዜ ነበር። ከቡሬ ወርደን በእግር ስንሄድ ማህሌት ገና አትራመድም፤ እኔ እሷን አዘልኩ፣ አንቺ ጊታሩን አዘልሽ። የመንደሩ ሴቶች አይተውን ሳቅ ሊገድላቸው። ማታውን አያ አዱኛ ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። «አስተማሪ ነሽ ስንል አዝማሪ ልትሆኝ ነው?» አሉ። በማግስቱ ግን ሥራው ቀለል ሲል፣ ውድማው ዳር ለእረፍት እንደተቀመጡ፣ ለመንሻቸውና ዘፈኑ በዝግታ ወጣላቸው፦

ሳበው አንተ ቦራ፣ እኔ እርፉን ይዣለሁ፤
ልጄን ተምራ ሳይ ድካሙን እረሳለሁ።

ይህን ስንኝ ላንቺ እንደገጠሙት ያን ቀን ነው ያወቅሽው። እንባሽ እየወረደ ጊታሩን አነሣሽና ዜማውን ተከተልሻቸው። ባቲ ነበር፤ አንቺ አሸነፍሽኝ። እሳቸው እየዘፈኑ ዓይናቸው እጅሽ ላይ ወደቀ። ዘፈኑን አቋረጡ።

«ያ እጅ ነው?» አሉሽ።

«አዎ፣ አባቴ» አልሻቸው።

«ያሰርኩት?»

ተነሥተው መጥተው ግራ እጅሽን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ሰው ግራኝ እያለ እንዳይሳለቅብሽ ብዬ ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም» አሉ። አንቺም «አውቃለሁ» አልሻቸውና ትከሻቸው ላይ ራስሽን አሳረፍሽ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉ፦

ቀኙን ቀኙን ብዬ ግራ ገብቶኝ ነበር፣
ዛሬ ግራሽ ገባኝ ጣትሽ ሲናገር።

በውድማው የነበረው ሰው ሁሉ «ወይ አያ አዱኛ!» ብሎ ተነሣ። እኔ ቅኔው እስኪገባኝ ቆየሁ፤ አንቺ ነሽ በጆሮዬ የነገርሽኝ። እየሳቅሽም እያለቀስሽም ነበር። እንደዚያ ቀን ሆነሽ አይቼሽ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላበዛም። ኩላሊትሽ ነው አሉን። ባሕር ዳር ተመላለስን። መጨረሻ ላይ ጣቶችሽ ክሩን መጫን ሲያቅታቸው አንገቱን እኔ እይዝልሽና እጫንልሻለሁ፣ አንቺ በግራሽ ትመቻለሽ። ሁለት ሰው አንድ ጊታር። ጋሻው አንድ ጊዜ እንዲህ ሆነን አግኝቶን በሩ ላይ ቆሞ ሳይገባ ተመለሰ።

አንቺ ካረፍሽ በኋላ ጊታሩን በነጠላሽ ጠቅልዬ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ጋሻው ወደ መራዊ ሲዛወር ሊሰናበተኝ መጥቶ «ክሩን መልሰውና ተጫወትበት፤ እንዲህ ተሰቅሎ ይሰነጠቃል» አለኝ። ተቆጣሁት። ያ ጊታር ያንቺን እጅ ነው የሚያውቀው፤ ክሩ ሲዞር አንቺም የምትሄጂ መሰለኝ።

አምና ማህሌት ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው። ልማር አለች። ሌላ ትንሽ ጊታር እገዛልሻለሁ ብላት «የእማዬን ነው የምፈልገው» አለች። እኔም ደስ አለኝና እንደ አንቺ በግራዋ እንድትመታ ማስተማር ጀመርኩ። እሷ ግን ቀኝ ናት፤ እንደ እኔ። ጊታሩን ታዞረዋለች፣ እኔ እመልሰዋለሁ። «እማዬ እንዲህ ነበር የምትይዘው» እላታለሁ። ታለቅሳለች። እናቴ «ኧረ ተው፣ ልጅቷን አታስመርራት» ብትለኝ አልሰማሁም። ይለመዳል እል ነበር።

በጥር ትምህርት ሲዘጋ አባትሽ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ማረሱን ለወንድምሽ ትተውለታል። በርበሬው ግቢው ሙሉ ተሰጥቶ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ዶሮ ይከላከላሉ። ጊታሩን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ። ማህሌት ለአያቷ ልታሰማ ጀመረች፤ እንደ ልማዷ ወደ ቀኟ አዞረችው። እኔም እንደ ልማዴ እጇን ይዤ መለስኩት። ሁለተኛም አዞረችው፣ መለስኩት። ጊታሩን ጭኗ ላይ ትታ እጇን ሰበሰበች።

«መምህር» አሉኝ አያ አዱኛ። ሲያዝኑብኝ ነው እንዲህ የሚሉኝ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«የእናቷ ጊታር ነው፤ ለግራ ነው የተሠራው፤ ትልመደው ብዬ ነው» አልኳቸው።

በርበሬውን አገላበጡ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «እኔ የልጄን እጅ አስሬ ምን እንዳገኘሁ አይተሃል። አንተ ደግሞ የልጅዋን ልታስር ነው? እኔስ ባላውቅ ነው ያደረግሁት» አሉ።

ማህሌት አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ላንቺ ታማኝ የሆንኩ መስሎኝ እኮ ነበር፣ ጥሩዬ። ተነሥቼ ከግቢው ወጣሁና የጤፉ ማሳ ዳር ብቻዬን ቆየሁ። ስመለስ አያትና ልጅ በርበሬ እየለቀሙ ያወራሉ፤ ስላንቺ ነው የሚያወሩት፤ አንቺ ሕፃን ሳለሽ ከጥጃ ጋር ታገልሽ የተባለውን። ማህሌት በሳቅ ትንፈራፈራለች።

ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ክሮቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። የሞላሁትን የቀንድ ስንጥር አወጣሁ። ያን ጊዜ በሞረድ ያሰፋሁትን ደግሞ መሙላት ነበረብኝ፤ ማህሌት ክሩን ያዘችልኝ። ያንቺን ሥራ ያፈረስኩ፣ ካንቺ የቀረኝን የመጨረሻ ነገር በገዛ እጄ የፈታሁ መሰለኝ። ዞሮ ሲቃኝ ግን ድምፁ ያው ነው። ያ ከሻጩ ሱቅ ጥግ ያገኘሽው፣ ወደ ክራር የሚያደላው ድምፅ። ክሩ እንጂ እንጨቱ አልተለወጠም። ማህሌት በቀኟ መታችውና «አባዬ፣ አሁን ቀለለኝ!» አለች። ወደ ጓሮ ዞሬ ዓይኔን ጠረግሁ።

የአያቷን ዘፈን ቀድማ ትማራለች ብዬ ነበር። አልሆነም። ረጅም ነው ብላ ተወችው። የወደደችው ሴት ልጆች ለአዲስ ዓመት በየደጁ የሚዘፍኑትን ነው። ዘንድሮ የእንቁጣጣሽ ዕለት የሰፈሩ ልጆች ለምለም ሣር ይዘው በራችን ሲመጡ ማህሌት በረንዳው ላይ ተቀምጣ አጀበቻቸው። ሁለት ቦታ ሳተች፤ ልጆቹ ቆመው ጠበቋትና አብረው ጨረሱ። እናቴ እልል አለች።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ማህሌት ጊታሩን እንዳቀፈች ጠየቀችኝ። «እማዬም ትዘፍን ነበር? ድምጿ እንዴት ነው? እኔ እኮ አላስታውሰውም» አለችኝ። ፊቷ ላይ ሐፍረት ነበር፤ ጥፋት የሠራች ያህል።

ድምፅሽን ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚገልጹት አላውቅም፣ ጥሩዬ። ወፈር ያለ ነው አልኳት፤ ጠዋት ስትነሺ ይሻክራል፤ ስትስቂ ይቀጥናል፤ ስሟን ስትጠሪ መጨረሻውን ትስቢዋለሽ። ላስመስለው ሞከርኩና ሁለታችንም ሳቅን፤ አልቻልኩበትም። አንድ ነገር ግን ቃል ገባሁላት፤ ላንቺም ቃሌ ይሁን። «አንቺ ባታስታውሺውም ግዴለም፤ እኔ አስታውሰዋለሁ፤ በፈለግሽው ሰዓት፣ ሥራ ላይ ብሆን፣ ብተኛም ቀስቅሰሽ፣ ጠይቂኝ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እኔም እነግራታለሁ።

ያንቺው ባል