የባለቤቴን ሆድ ላላዩት የጤና ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን የሠራተኞች ጤና መምሪያ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ነጭ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠው አዲሱ ሚዛንዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ፣ በመጠረዣ ክፍል መጽሐፍ ስሰፋና ሳጣብቅ ፀጉሬን ያሸበትኩት፣ በእርስዎ ቀይ ካርድ ላይ ደግሞ «ከመጠን በላይ ወፍራም» ተብዬ የተጻፍኩት ሠራተኛ፣ እጅግ ደህና ነኝ። የማተሚያ ማሽን ኦፕሬተር የሆነው ባለቤቴም ተሽሎታል። ለእርሱ ጤና የደከሙትን ድካም ባልደረቦቻችን ሁሉ እንዲያውቁልዎ ስለፈለግሁ፣ ደብዳቤዬን በፖስታ ከማሸግ ይልቅ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁና ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሚዛኑ ላመስግንዎ። ጫማችንን አስወልቀው በተራ ያቆሙን ዕለት እኔና ባለቤቴ ተከታትለን ነበር የወጣነው። እኔ ወገቤ እንደ ሰው ሆኖ፣ ከዚያ በታች ግን ከእናቴ የወረስኩት ዳሌና ጭን ያለኝ ሴት ነኝ፤ ወንበር ላይ ስቀመጥ ጎረቤቴ ጠጋ ይልልኛል። ባለቤቴ ደግሞ ክንዱ ቀጭን፣ እግሩ ቀጭን፣ ከኋላው ሱሪ የሚይዝለት ነገር ያጣ፣ ከፊት ግን ኳስ የዋጠ የሚመስል ሰው ነው። ሚዛኑ ለእኔ ቀይ፣ ለእርሱ አረንጓዴ ፈረደ። ሚዛኑ አልዋሸም፤ ያለውን ተናግሯል። ክቡርነትዎ ግን ዓይንዎን ከቁጥሩ ላይ አንሥተው ሚዛኑ ላይ የቆመውን ሰው ለማየት ጊዜ አልነበረዎትም። ጊዜ የነበረው ፎቶ አንሺው ነው፤ ባለቤቴን «አርአያ ሠራተኛ» ብለው በፖስተር እንዲወጣ ሲያዙ፣ ፎቶ አንሺው አንድ እሽግ ወረቀት አምጥቶ ሆዱ ላይ አሳቀፈው። ፖስተሩን ያተመው ራሱ ባለቤቴ ስለሆነ የቀለሙ ጥራት እንከን የለውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ካርዶቹ። አረንጓዴ ካርድ ለያዙት ሊፍቱንና በየቀኑ ከመዝናኛ ክበቡ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ በነፃ፣ ቀይ ለያዝነው ደረጃውንና ስኳር የሌለው ሻይ መወሰንዎ ከልብ የመነጨ አሳቢነት ነው። መጠረዣ ክፍል ያለው የመጨረሻው ፎቅ ላይ በመሆኑ መጀመሪያ ላይ እርስዎን እየረገምኩ፣ በኋላ ግን እያንጎራጎርኩ መውጣት ጀመርኩ። ባለቤቴ በበኩሉ ምሳውን ከእኔ ጋር ሊበላ ለስላሳውን ይዞ በሊፍት ብቅ ይልና «ምነው ላብ ላብ አለሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ግን አልሳቀችም፤ ቀይ ካርዷን አንገቷ ላይ ካንጠለጠሉባት ወዲህ ምሳዋን መጸዳጃ ቤት ገብታ በር ዘግታ ነው የምትበላው። ይህንንም ከስኬትዎ ጋር ይደምሩት።

ሦስተኛው ከበድ ያለ ነው። ባለቤቴ ውሃ ጥም አልለቀው አለ፤ እህል በቀመሰ ቁጥር ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል፤ የጫማውን ክር ለማሰር ሲያጎነብስ ትንፋሹ ያጥረዋል። ሐኪም ይይህ ስለው «አንቺ ሴትዮ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ እያየሽኝ ታመሃል ትይኛለሽ?» አለኝ። ስለዚህ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ክብደቱ ልክ ቢሆንም ሆዱ አላማረኝምና ወደ ሐኪም ይላኩልኝ ብዬ በትሕትና ለመንኩዎ። ክቡርነትዎም ከእግሬ ጀምረው ወደ ላይ ካዩኝ በኋላ «እህቴ፣ መጀመሪያ የራስሽን አስተካክይ፤ እሱ አርአያ ነው» ብለው ስለ ውፍረት የሚያትት በራሪ ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ የታጠፈው በእኛው ክፍል ነበርና አጣጠፉን አድንቄ ወጣሁ።

ቀጥሎ የሆነውን በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የባለቤቴ ባልደረባ ደረጃውን እየዘለለ መጣና ከበሩ ላይ «ውረጂ! ባልሽ ወደቀ!» ብሎ ጮኸ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ባለቤቴ ወረቀት ክምር ላይ ተደግፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱ ካልታተመ ወረቀት ነጥቶ አገኘሁት። ጎንበስ ስልለት በጆሮዬ ያለኝ «ለኃላፊው እንዳትነግሪ፣ ፖስተሩን ያወርዱታል» ነበር። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቀልዴን ላቁም። ወደ ሆስፒታል በሚወስደን መኪና ውስጥ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ያን ቀጭን እጁን ስይዝ፣ ያለ እርሱ የማድርበትን ቤት አሰብኩ። ለማንም አልመኝም፤ ለእርስዎም ቢሆን።

ባለቤቴ ሰክኖ መቀመጥ ሲችል፣ የተቀበለችን ሐኪም ከኪሷ ሜትር አውጥታ በእምብርቱ ዙሪያ አዞረችው። «ጋሼ፣ እግርና ክንድዎ ቀጭን ስለሆነ ሚዛኑ ሸንግሎዎታል» አለችው። «ዳሌና ጭን ላይ፣ ከቆዳ ሥር የሚከማቸው ስብ አብዛኛውን ጊዜ አርፎ ይቀመጣል። ሆድ ውስጥ ገብቶ ጉበትና አንጀት መሀል የሚሰገሰገው ነው ስኳሩን፣ ግፊቱን፣ ልብን የሚያውከው።» ስኳሩም ግፊቱም ከልክ አልፎ፣ አንዱ የልቡ ደም ሥር ጠቦ ተገኘ። ባለቤቴ ግን ተኝቶም ቅር ብሎት በጣቱ እኔን እያሳየ «እሷስ?» አላለም መሰለዎ! ሐኪሟ ስቃ እኔንም መረመረችኝ፤ ግፊቴም ስኳሬም ደህና ነው። ኮራ ማለት ስጀምር «ጉልበትሽ ይህን ሁሉ መሸከሙን አትርሺ» አለችኝ። «ሴት ደግሞ ዕድሜዋ ሲገፋ ስቡ ወደ ሆድ መምጣት ይወዳል። ደረጃውን እንዳትተዪ።» ስለዚህ ስለ ደረጃው ያመሰገንኩዎ ከልቤ ነው፤ ይህቺን ብቻ ያለ ጥርጥር ይቀበሉኝ።

የጠበበው ደም ሥር ተከፈተ፤ መድኃኒት ታዘዘ፤ ለስላሳው ቀረ። አመሻሽ ላይ በሰፈራችን ስንዘዋወር ሰው የታረቅን ባልና ሚስት ይመስለዋል። ሥራ ከተመለሰ ወዲህ ባለቤቴ ሊፍቱን ትቶ ከእኔ ጋር በደረጃ ይወጣል። በየመታጠፊያው ቆም ብለን እናርፋለን። ቀስ ልበልልህ ስለው «የለም፣ ፊት ፊቴ ሂጂ፤ ከኋላ ሳይሽ ጉልበት አገኛለሁ» ይለኛል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ መባልን ያተረፈልኝ የእርስዎ መምሪያ ነው።

እንግዲህ ፖስተሩን እንዲያወርዱ ባለቤቴ ራሱ ይጠይቅዎታል። ካርዶቹን እንዲሰበስቡ፣ የሰውን ወገብ በሜትር ደሙንም በምርመራ እንዲያዩ፣ የሒሳብ ክፍሏንም ልጅ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ምሳ ጠረጴዛ እንዲመልሷት ደግሞ እኔ እጠይቅዎታለሁ። ለእርሷ አንድ ወንበር አጠገቤ ይዤላታለሁ፤ ጠበብ ቢላትም።

ከወገብ በላይም ሆነ ከወገብ በታች ፍጹም አክባሪዎ፣
የመጠረዣ ክፍሏ ባለ ቀይ ካርድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ስብሰባ ስለ ሰውነት አቋም ሲያስተምሩን የኮትዎ የመሀል ቁልፍ ተስፈንጥሮ ከፊት ወንበር ሥር መግባቱን፣ እርስዎም እንዳላየ ሰው ንግግርዎን መቀጠልዎን ሁላችንም አይተናል። ቁልፉ እንዳይጠፋብዎ እዚሁ ወረቀት ግርጌ በመጠረዣ ክር አጥብቄ ሰፍቼዋለሁ። ከኮትዎ ላይ መልሰው ከማሰፋትዎ በፊት ግን ሐኪሟ ዘንድ ብቅ ይበሉ፤ ሰው ይበዛባታልና ባለቤቴ በማለዳ ሄዶ ወረፋ ይይዝልዎታል።