የባሮክ ግራ እጅ

አል ዓይን፣ አል ኸቢሲ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ ልጄ ለትዝታ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽ ታሪኩስ? ባሮኬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ቀነስ ካለ ወዲህ ጉልበቴም ተሽሎታል። ዛሬ ቁስቋም ናት፣ ጾሙን በሰላም አስፈትታናለች።

ሰላምታውን በዚህ ላሳጥርና ወደ ነገሬ ልግባ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ የልጁን እጅ እንዳታስሪ። ረቡዕ በላክሽልኝ የድምፅ መልእክት፣ «መምህሩ ልጅሽ ግራኝ ነው፣ ገና አንደኛ ክፍል ሳለ አስተካክይው አለኝ፤ አንቺ እኔን እንዳደረግሽኝ በመቀነት አስሬ አቀናዋለሁ» ብለሻል። እየሳቅሽ ነው የተናገርሽው። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። ደውዬ «ወርቁ እስኪደርስ አትንኪው» ብቻ ብዬሽ የዘጋሁት ቸኩዬ አይደለም። በስልክ ከሆነ «በላችሁ? ብርዱ እንዴት ነው?» ስል ኔትወርኩ ይቆረጥና ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ወርቁ ነገ ስለሚበር፣ በሦስተኛው ቀን ደሴ እገባለሁ ስላለኝ፣ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

«እማዬ በስተርጅናዋ አንደኛ ክፍል ገባች» እያልሽ ታሾፊብኛለሽ። እውነትሽን ነው። አቡ ዳቢ፣ አል ዛሂያ፣ ማዳም ቤት ከቆየሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት ይልቅ እዚህ ትምህርት ቤት ናኒ ሆኜ የሠራሁበት ሁለተኛ ዓመቴ ብዙ አስተምሮኛል። ሥራዬ ሽንት ቤት ማድረስ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ የምሳ ዕቃ መክፈትና እርሳስ መቅረጽ ነው። የቀረውን ሰዓት ከክፍሉ ኋላ በትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጬ እማራለሁ። ማዳም ቤት የለመድኩት ዓረብኛ «ነዪ፣ ሂጂ፣ አምጪ» ብቻ ነበር። ለካስ ቋንቋው «እስቲ አስቢበት» የሚልም አለው።

አስተማሪዋ ሚስ ለይላ የዮርዳኖስ ሰው ናት። ዕድሜዋ ካንቺ ብዙም አይበልጥም፤ ቀጭን ናት፣ ድምፅዋም ዝቅ ያለ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳያት «ይቺ ሚስኪን እነዚህን ሃያ አራት ሰይጣኖች እንዴት ልትችል ነው?» ብዬ አዝኜላት ነበር። ስንት ዓመት በሰው ቤት ልጅ ሳሳድግ ያላየሁትን እሷ ዘንድ አየሁ። ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም በየስማቸው ትቀበላቸዋለች፤ ማን እንቅልፍ እንዳልጠገበ፣ ማን ቤት ተቆጥተውት እንደመጣ ከፊታቸው ታውቃለች። መደመር የምታስተምረው በተምር ፍሬ ነው። ልጆቹ ተምሩን በልተው ፍሬውን አጥበው ያመጣሉ፣ እሷ አሥር አሥሩን በከረጢት ታስቋጥራቸዋለች። ዓብዱልቃድር የሚባል ድንቡሽቡሽ ልጅ አንድ ቀን ፍሬ ጎደለውና፣ «ሚስ፣ ቆይ አንድ ልብላና ልደምረው» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። እሷም የምር አድርጋ ተምር ሰጠችው፤ በልቶ ደመረ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ዝምታዋ ነው። ጥያቄ ትጠይቅና ዝም ትላለች። ፈጣኖቹ እጃቸውን አውጥተው ሲቁነጠነጡ እሷ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ ከጥግ አንዱ ዘገምተኛ እጁን ቀስ ብሎ ያወጣል። እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ስማር ጥያቄውና አርጩሜው ተያይዘው ነበር የሚመጡት፤ ለማሰብ ጊዜ አልነበረንም። ደግሞ ምን ብላ እንደምትጠራኝ ልንገርሽ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት «የመጀመሪያ ልጅሽ ስም ማን ነው?» አለችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ «ናኒ» ሲሉኝ እሷ «ኡም ትዝታ» ትለኛለች፣ የትዝታ እናት ማለቷ ነው። ስምሽን በቀን አሥር ጊዜ እሰማዋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ክፍላችን ውስጥ የአብስራ የምትባል የእኛ አገር ልጅ አለች። እናቷ ሣሮን እዚሁ አል ዓይን ሆስፒታል ነርስ ናት፤ የጴንጤ ቤተሰብ ናቸው፣ ጨዋ ሰዎች። ልጅቱ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ ጋር እየቀላቀለች «አንቲ ባንቺ፣ ላንች ቦክሴ አልከፍት አለኝ» ስትለኝ ልቤ ይቀልጣል። ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ እርሳስ በግራ እጇ ይዛ አየኋት። የሌላ አገር ልጅ ብትሆን አልነካትም ነበር፤ ምን አገባኝ? ይቺ ግን የእኛ ናት። ነገ አገሯ ገብታ በግራዋ ሰው ብትጨብጥ፣ በግራዋ ብታጎርስ፣ «አሳዳጊ የበደላት» መባሏ አይደል? ጠዋት ተነስተን «በቀኝ አውለን» የምንል ሰዎች አይደለን? እናቷ አዳር እየሠራች ስለደከማት አላየችም ብዬ ኃላፊነቱን ለራሴ ሰጠሁ።

እናም ሚስ ለይላ ፊቷን ወደ ሰሌዳ ባዞረች ቁጥር ቀስ ብዬ እሄድና እርሳሱን ወደ ቀኟ አዛውረዋለሁ። «ኖ አንቲ፣ ይሄኛው ይሻለኛል» አለችኝ መጀመሪያ። «ጎበዝ ልጅ በቀኟ ነው የምትጽፈው» አልኳት፣ ፀጉሯንም ዳበስኩላት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም። አልመታኋት፣ አልተቆጣኋት፤ በፍቅር ነው ያደረግኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው እንዲህ ነው።

ጥቅምት ሲገባ የመጻፊያ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ሆዷን ያማት ጀመር። ሽንት ቤት የማደርሳት እኔው ነኝ፤ በር ላይ ቆሜ «ምን በልተሽ ነው የኔ እናት?» እላታለሁ። ደብተሯ ላይ ሌሎቹ ገጽ ሲጨርሱ እሷ አንድ መስመር አትሞላም ነበር። አስተዳደሩ ለብቻዋ ፈተና ይሰጣት፣ ምናልባት ወደ ታች ክፍል ትመለስ እያለ መነጋገር ጀመረ። ሣሮን በመውጫ ሰዓት ዓይኗ ቀልቶ ስታናግራቸው አየሁ፤ ያኔም ነገሩ ከእኔ ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ውኃ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ በበሩ መስታወት የአብስራን አየኋት። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ በግራ እጇ ትጽፋለች፤ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ ሦስት። በሩን ስከፍት ቀና ብላ አየችኝና እርሳሱን ወደ ቀኟ አሻገረችው። ሚስ ለይላ እሷንም እኔንም አየችን። እኔ በውስጤ «ኸላስ፣ ሥራውም የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማውም አበቃ» አልኩ።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ጠራችኝ። «ኡም ትዝታ፣ እስቲ ተቀመጪ» ብላ የአብስራን ወንበር ሳበችልኝ። ወረቀትና እርሳስ አስቀመጠች። «ስምሽን በአገርሽ ፊደል ጻፊልኝ።» ጻፍኩ። «እንዴት ያምራል! አሁን በሌላው እጅሽ ጻፊው።» በግራዬ ያዝኩት። ልጄ፣ «ባ» እግሯ ተሰብሮ ወደቀች። «ን» ከመስመር ወጥታ ሄደች። ስሜን ሳልጨርስ ግንባሬን አላበኝ፣ ወረቀቱን በክንዴ ከለልኩት።

«ለምን ከለልሽው?» አለችኝ።

«አፈርኩ። ደነዝ መሰልኩ» አልኳት።

«የአብስራም እንደዚያ ነው የሚሰማት፤ በየቀኑ» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

እንባዬ መጣ። ለልጅቱ ብዬ ያደረግኩት መሆኑን፣ በእኛ ዘንድ ግራ እጅ እንደ ነውር እንደሚታይ ነገርኳት። «በእኛም እንደዚያው ነው። ልጆቼን በቀኛችሁ ብሉ እላለሁ። እርሳስ ግን ምግብ አይደለም» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እርሳሱ አንቺ ስትገቢ እጅ እንደሚቀይር ካወቅኩ ሳምንት ሆኖኛል። ቶሎ ባለመጠየቄ እኔም አጥፍቻለሁ፤ ለአስተዳደሩም ልጅቷ ጤነኛ ናት፣ ጥፋቱ የክፍላችን ነው ብዬ ጽፌያለሁ» አለች። የክፍላችን ነው ያለችው፤ የናኒዋ አላለችም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ብትጮህብኝ ኖሮ ተሟግቼ እወጣ ነበር፤ በአያያዟ ግን ልቤን ከፈተችው።

«ነገ ለልጅቷ እኔ እንድነግራት ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ ስወጣ። «እሷ ግን ፈቃድ የምትጠብቀው ካንቺ ነው።»

በማግስቱ የአብስራ ፊት ተንበረከክሁና እርሳሱን በግራ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። አላመነችኝም። እርሳሱን አየች፣ እኔን አየች። «አንቲ፣ ሪሊ? ጎበዝ ልጅ አልሆንም እኮ» አለችኝ። «ተሳስቼ ነው፤ ጎበዝ ልጅ በሚሻላት እጅ ነው የምትጽፈው» አልኳት። ሚስ ለይላ ክርኗ ከጎረቤቷ ጋር እንዳይጋጭ ከጠረጴዛው ግራ ጫፍ አስቀመጠቻት፣ ደብተሯን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘነበለችላት፣ እርሳሱንም ከጫፉ ራቅ አድርጋ እንድትይዝ አሳየቻት። እስከ ትናንት ድረስ ሆዷን አላመማትም። ፊደሏ ገና ጠማማ ነው፣ እንግሊዝኛው ላይ እጇ የጻፈችውን ያደበዝዘዋል፤ ዓረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ግን ገጿ ከዓብዱልቃድርም ይጸዳል። ለሣሮንም ራሴ ነገርኳት። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» ብቻ አለችኝ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ለባሮክም ይህንኑ አድርጊ። ከግራ ጫፍ ይቀመጥ፣ ደብተሩን አዘንብይለት፣ እርሳሱን ራቅ አድርጎ ይያዝ። መምህሩ እንቢ ካለሽ በወርቁ የላክሁልሽን ሻይ ቅጠልና ተምር ይዘሽ ሂጂና ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። ሰው ነው፣ ይገባዋል። እኔም በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ገብቶኛል።

ትዝታዬ፣ አንቺ ሚስ ለይላ አልነበረችሽም። የነበርኩሽ እኔ ነኝ። ያን ክረምት በሙሉ ግራ እጅሽን በመቀነቴ ከወገብሽ ጋር እያሰርኩ አጻፍኩሽ። ጽሕፈትሽ አማረ፤ ማዘጋጃ ቤት ስትቀጠሪ አለቃሽ ያደነቀውም ጽሕፈትሽን ነበር፤ እኔም «ያቀናኋት እኔ ነኝ» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ቤቱን ትሞይበት የነበረውን ዘፈንሽን ያን ክረምት እንደተውሽ ግን ለማንም አላወራሁም። ቤቱ ጭር ሲልብኝ «አደገች፣ ልብ ገዛች» ብዬ ራሴን አታለልኩ። አሁን በመልእክትሽ እየሳቅሽ ስታነሺው መጀመሪያ ረስታዋለች ማለት ነው ብዬ ነበር፤ ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ግን ያልረሳሽው መሰለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልክ ቋጠሮውን ስጠብቅ፣ ቀና ብለሽ «እማዬ፣ እጄ ምን አጥፍቶ ነው?» አልሽኝ። «ዝም ብለሽ ጻፊ» አልኩሽ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፤ መልስ ሳልሰጥሽ።

ምንም አላጠፋም ልጄ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ።

እመብርሃን ቤታችሁን ትጠብቅልኝ፤ ታሪኩን ሰላም በይልኝ። ያላየሁትን የልጅ ልጄን ሁለቱንም እጆቹን ሳሚልኝ፤ ግራውን አስቀድሚ።

እናትሽ
ባንቺአየሁ ካሳ