ምርጫው ይለፍና

ውድ እህቴ መዓዛ፣

እስራኤል ትናንት ምርጫ አድርጋ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትኩ ታክሲ የሚነዳው ሚካኤል ገባና «ጋሽ ከፈለ፣ አሁንስ በፍልስጤምና በእስራኤል መሃል ሰላም ይመጣል ትላለህ?» አለኝ። የትኛው ፓርቲ ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር፣ ስንት ወንበር እንደሚያንሰው ቆጥሬ ነገርኩት። «አንተ እኮ ሲ.ኤን.ኤን. መቀጠር ነበረብህ» ብሎ በርበሬውን ይዞ እየሳቀ ወጣ። እኔ ግን አፈርኩ። ይህን ሁሉ ያጠናሁት ለምን እንደሆነ ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም።

በኖቬምበር 2005 ኤልያስ ሽማግሌ ላከብኝ። የሱቃችንን ፍሪጆች የሚጠግነው፣ ቤት ጃላ ከሚባል ከተማ የመጣው ፍልስጤማዊ፣ ወጋችንን ጠይቆ ተረድቶ፣ የሰፈራችንን ሽማግሌ አቶ አሥራትንና ሌሎች ሁለት ሰዎች ላከ። አባታችን ስለሌሉ መልሱ የኔ ነበር። ሠርጉ እዚያ አገር እናቱ ቤት እንዲሆን፣ ከዚያ ተመልሳችሁ እዚሁ አሜሪካ፣ ድልድዩ ማዶ አሌክሳንድሪያ እንድትኖሩ ነበር ሐሳቡ። እኔም «ተኩስ ያለበት አገር እህቴን አልልክም። በጃንዋሪ ምርጫ አላቸው አሉ። እሱ ይለፍና፣ ሰላም የሚመጣ ከመሰለ በገዛ አፌ እሺ እላለሁ» አልኩ። ያን ዓመት የራሳችን አገር ምርጫ በደም አልቆ ሁላችንም የምናወራው ስለ ምርጫ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የብልህ ሰው ቃል መሰላቸው። አንቺ ስልክ ካርድ እየሸጥሽ ጓዳ ውስጥ የምንለውን ሁሉ ትሰሚ ነበር።

ጃንዋሪ ላይ የኤልያስ እናት በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው በከዘራ ሄደው መረጡ። ደውለው «መርጫለሁ፣ ለወንድምየው ንገሩት» ማለታቸውን ኤልያስ እየሳቀ ነገረኝ። ሐማስ አሸነፈ። «እንግዲህ የእስራኤል ደግሞ ማርች ላይ ነው፣ እሱን እንይ» አልኩ። ማርችም አለፈ። ክረምቱን እዚያ ጦርነት ሆነ፤ እኔም «አላልኳችሁም?» ብዬ የ2008ቱን የአሜሪካ ምርጫ ቀጠሮ ሰጠሁ። አቶ አሥራት ባርኔጣቸውን እያነሱ፣

«ስማ ከፈለ፣ አንተ የምትድረው መዓዛን ነው ኢየሩሳሌምን?» አሉኝ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የኤልያስ እናት በ2008 ክረምት አረፉ። ኖቬምበር ላይ የአሜሪካ ምርጫ እንዳለቀ ኤልያስ ያለ ሽማግሌ ብቻውን መጣ። የፍሪጁን ሞተር ሊያይ የመጣ መስሎኝ ነበር። «ጋሼ፣ አሁንስ?» አለኝ፤ ጋሼ ማለትን ካንቺ ተምሮ። በፌብሩዋሪ እስራኤል እንደገና እንደምትመርጥ ነገርኩት። አልተቆጣም። «ምርጫ ነገር ይለውጥ ይሆናል፤ እኔም ሁልጊዜ ይለውጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» አለ። «ግን እኛ አገር ሰው የሚጋባው በሁለት ምርጫ መሃል ነው። ሌላ ጊዜ የለንም።» እኔም ደንበኛ እንደሚጠብቀው ሰው ዞር አልኩ።

የፌብሩዋሪው ምርጫ ባለፈ ማግስት አንቺ ራስሽ ጠየቅሽኝ።

«ዛሬስ የማን ምርጫ ቀረ፣ ጋሼ?»

«መንግሥት እስኪመሠርቱ ነው እንጂ...»

ሽርጥሽን ፈትተሽ አጣጥፈሽ፣ ቁልፉን ከላዩ ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ። አሌክሳንድሪያ ስታገቢ በኔ ቦታ የቆሙት አቶ አሥራት መሆናቸውን ከሰው ሰማሁ። ስድስት ዓመት ሆነ። ድልድዩን ተሻግሮ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

ሚካኤል ከወጣ በኋላ የ2005ን ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ሽማግሌ የመጣበትን ቀን ፈለግሁ። እንደ ተጻፈ እገለብጥልሻለሁ፤ አላሳመርኩትም። «ለመዓዛ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ጥሩ ነው። እሷ ከሄደች ግን ሱቁን ከኔ ጋር የሚይዝ የለም። ደንበኛውን በስም የምታውቀው እሷ ናት። እምቢ ብል ትቀየመኛለች። ቀን ሰጠሁ። የዚያ አገር ምርጫ አያልቅም።»

እውነቱ ይህ ነው። ስለ ደኅንነትሽ የተናገርኩት ውሸት ነበር። ከአዲስ አበባ ያመጣሁሽ እኔ ስለሆንኩ ሱቁ ውስጥ መቅረትሽ የሚገባኝ መስሎኝ ነበር። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ዜና ላይ የድርድር ወሬ በተሰማ ቁጥር ጣቢያ እቀይር ነበር። ያች አሮጊት ሰላም ይመጣል ብለው በከዘራ ሄደው ሲመርጡ፣ እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቆሜ ሰላም እንዳይመጣ እመኝ ነበር፤ ገንዘብ ተቀባይ እንዳላጣ ብዬ።

ምርጫ በዚያ አገር ሰላም ያመጣ እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ አሁንም አላውቅም። ለማወቅ ብዬ አልተከታተልኩትማ። ከእንግዲህ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ አላውቅም እላለሁ።

ልጅ መውለድሽን አቶ አሥራት ነግረውኛል። ስሙን ጠየቅኋቸው፤ «እናቱን ጠይቅ» አሉኝ። ቤታችሁ መጥቼ ኤልያስን ፊት ለፊት ይቅርታ መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ስለ እናቱም ጭምር። ይህን ደብዳቤ አንብቢለት፣ የማስታወሻውንም ቃል ሳታስቀሪ። ከዚያ ሁለታችሁ የወሰናችሁትን ላኩብኝ። እንዳትመጣ ካላችሁኝ አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ እምቢ ከሆነ እምቢ በይኝ እንጂ ቀን አትስጪኝ።

ያሳፈረሽ ወንድምሽ
ከፈለ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 18 ቀን 2015