«የወር አበባ ነው» የተባለው ደም

ጥቅምት 7 ቀን 1998 ዓ.ም.

«እናቴ፣ የወር አበባዎ ነው የተመለሰው። አንዳንድ ሰው በሃምሳም ያያል።»

የክሊኒኩ ጤና መኮንን ለባለቤቴ ለንግሥቴ ያላት ይህን ነው። ቃል በቃል ጻፍሁት። ሽንቷን አልመረመረም። ሽንት ያቃጥለኛል ስላለችው ለማቃጠሉ ክኒን ሰጥቶ ሸኘን። የወር አበባዋ ከቆመ ስድስት ዓመቱ እኮ ነው... ይህን እንኳ እንዴት አይጠይቅም?

ጥቅምት 13

እሑድ። ከቅጥሩ ውጭ ጭቃ ላይ ቆማ አስቀደሰች። «ደም እያየሁ አልገባም» አለች። ያ የክሊኒኩ ልጅ ሳያይ በፈረደው!

ኅዳር 5

ክኒኑ አለቀ፤ ደሙ አልቆመም። ጨርቅሽ ላይ ታያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ይጠየቃል?»

ከነጠላዋ ሥር ሆና «ስሸና ብቻ ነው።»

ስሸና ብቻ! የወር አበባ ሽንት ይጠብቃል እንዴ?

ኅዳር 6

ወደ ክሊኒኩ ተመለስን። ለሽንቷ የሰጧት ብልቃጥ አፉ ላይ የሌላ ሰው እድፍ ደርቋል። ይህ አይታጠብም? አልሁት ጤና መኮንኑን።

«ጋሼ፣ ቢታጠብም ሽንት ነው የሚገባበት።» ሳቀ!

ደሙ ስትሸና ብቻ እንደሚታይ ነገርሁት። «የሴት ጉዳይ ለእኛ ይተዉልን» አለና የሽንቷን ውጤት ሳይነግረን ያንኑ ክኒን ደገመ።

ኅዳር 12

ባሕር ዳር ወሰድኋት። ቡሬ ላይ ሚኒባሱን አስቁማ ወረደች። «እማማ፣ ቤትዎ ጨርሰው አይመጡም?» አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ። ስትመለስ ከንፈሯ ነጥቷል።

አልትራሳውንድ ተነሣች። የሽንት ፊኛዋ ውስጥ እብጠት አለ። «ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ተቆርጦ ሳይመረመር አልናገርም» አለ ሐኪሙ። «በዚህ ዕድሜ ሽንት ላይ ደም ሲታይ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ብቻ አይታለፍም።» አዲስ አበባ ጻፈልን።

ኅዳር 15

የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሥላሴ መጡ። ሁሉን ነገርኋቸው።

«ሕመም እኮ ነው፣ ልጄ። ማን ከለከለሽ? ግቢ እንጂ!»

አለቀሰች። ካንሰር ሲባል ያላለቀሰች ሴት...

ጥር 23

የአዲስ አበባው ውጤት ደረሰ። ካንሰር ነው። የፊኛዋን ጡንቻ ዘልቋል፤ ፊኛዋ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ቀደም ብለን ብንመጣስ? አልሁ። «ምናልባት እብጠቱ ብቻ ተፍቆ ፊኛዋ ይተርፍ ነበር» አለኝ ሐኪሙ። ንግሥቴ «መቼ ነው የምተኛ?» አለች።

ለክሊኒኩ ጻፍሁ። መጨረሻው ይህ ነው፦

«ይቅርታችሁን አልፈልግም። ሽንቷ ላይ ደም እያለ ወደ ሐኪም ያልላካችኋት ለምንድን ነው? ነገ ሌላ ሴት ደም ሸናሁ ብላ ብትመጣ ምን ታደርጋላችሁ? እስከ የካቲት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ፣ ፈርማችሁ መልሱልኝ።»